ነጠላ ለነጠላ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አክስቴ ከቤሩት ደወለችልኝ። «ተፈርዶብኛል አሉ» አለች። መቼ ተከሰስሽ? አታውቅም። ማን ነው የከሰሰሽ? እሱንም የሰማችው ገና ያን ዕለት ነው፤ ደሴ ያለችው ቤቷ በር ላይ የሐራጅ ማስታወቂያ ተለጥፎ ጎረቤቷ አይታ ነው የነገረቻት። ሰውየው «አበድሬያታለሁ» ብሎ ከሷል፣ መጥሪያው በጋዜጣ ወጥቷል፣ እሷ አልቀረበችም፣ ተፈረደ። አክስቴ ቤሩት የሰው ቤት እየሠራች አዲስ ዘመን የምታነብ ይመስል!

እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የድሮ ወረቀት ማገላበጥ የምወድ ሰው ነኝ። መዝገቧን ይዤ ስሮጥ ግን አንድ ነገር ሲከነክነኝ ሰነበተ። በአያቶቻችን ሙግት «በሌለበት ተፈረደበት» ማለት እንግዳ ነገር ነበር። ከሳሽ የተከሳሹን ነጠላ ከራሱ ነጠላ ጋር ቋጥሮ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ። ዋስ ካልጠራ ቋጠሮው አይፈታም። አበዳሪና ባለዕዳ ደግሞ ዕዳው እስኪከፈል በሰንሰለት ይቆራኙ ነበር፤ እስከ ኢጣሊያ ወረራ ዋዜማ ድረስ የውጭ አገር ሰዎች እንዲህ የታሰሩ ጥንዶችን ፎቶ አንስተዋል። ዛሬ «በዓይነ ቁራኛ ጠብቀው» ስንል የምንጠራው ያንን ሰንሰለት ነው። ጭካኔውን አልክድም፤ አበዳሪውም አብሮ ታስሮ መዋሉን ሳስበው ደግሞ ያስቀኛል። ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ተከሳሽ መከሰሱን ሳያውቅ አይቀርም፤ ልብሱ ተይዟላ።

በ1958 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ሲወጣ የነጠላውን ቦታ ወረቀት ያዘው። ሕጉ ብዙውን ነገር የወሰደው ከሕንድ የ1908 (እ.ኤ.አ.) ሕግ ነው። መጥሪያ ለተከሳሹ ይደርሳል፤ ደርሶት ከቀረ በቁጥር 70 መሠረት ክሱ በሌለበት ይሰማል። ይህ ባይኖር ተከሳሽ ሁሉ እየተደበቀ ከሳሽ ዕድሜውን በቀጠሮ ይጨርስ ነበር። በተለመደው መንገድ መጥሪያው ሊደርሰው እንደማይችል ፍርድ ቤቱ ካመነ ደግሞ ሌላ መንገድ ይፈቀዳል፤ በእኛ አገር ብዙ ጊዜ ጋዜጣ ነው።

የሚያድነው ቁጥር 78 ነው። በሌለበት የተፈረደበት ሰው ፍርዱን ባወቀ በአንድ ወር ውስጥ፣ ይግባኝ ሳይሆን ፍርዱን ወደሰጠው ወደዚያው ፍርድ ቤት ተመልሶ «ይነሳልኝ» ይላል። ማሳየት ያለበት ከሁለት አንዱን ነው፦ ወይ መጥሪያው በአግባቡ አልደረሰኝም፣ ወይ እንዳልቀርብ በቂ ምክንያት ከልክሎኛል። ወሩ የሚቆጠረው ከተፈረደበት ቀን ሳይሆን ካወቀበት ቀን ነው። ይቺ ትንሽ ሐረግ ናት አክስቴን የያዘቻት፤ ልታስጥላትም የደረሰችው እሷው ናት። «ድሮም ታውቅ ነበር፣ ዘመዶቿ ነግረዋታል» አለ ከሳሽ። ማወቅ ደግሞ ማኅተም የለው!

ውክልናው ከቤሩት ቆንስላ እስኪመጣ ቀኑን በጣቴ ስቆጥር ከረምኩ። በ23ኛው ቀን አቤቱታውን ከቃለ መሐላ ጋር አስገባን፤ አፈጻጸሙ እንዲታገድም ለብቻ አመለከትን፤ ይነሳልኝ ስላሉ ብቻ ሐራጅ አይቆምማ። የፓስፖርቷ ቅጂ ክሱ ሲከፈት አገር ውስጥ እንዳልነበረች አሳየ። ነገሩን የቆረጠው ግን ሌላ ነው። ከሳሽ «አድራሻዋ አይታወቅም» ብሎ በጋዜጣ ያስጠራት ሰው፣ በየፋሲካው እየደወለ «እንኳን አደረሰሽ» ይላት ነበር። ዳኛዋ ስልኳን ያውቁ እንደሆነ ጠየቁት። ዝም አለ። ፍርዱ ተነሳ፣ ክሱ እንደገና ሊሰማ ተቀጠረ።

ማስነሳት ማሸነፍ አይደለም። አክስቴ ይህን ስነግራት በስልኩ ውስጥ ረዘም ያለ ዝምታ ሰማሁ። ከዚያ «ግማሹን እኮ ተበድሬዋለሁ» አለችኝ። «ግማሹን ብቻ። ቢጠይቀኝ እልክለት ነበር።»

መልሳችንን እንደዚያው ጻፍነው።