ለጥናታዊ ጽሑፍ ጠንካራ የመከራከሪያ ሐሳብ አጻጻፍ፦ መረጃ ለሚጠይቁ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን መረጃ ለማግኘት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚመጡ ተገልጋዮች አብዛኛውን ጊዜ ከዩኒቨርሲቲያቸው የተጻፈላቸውን የትብብር ደብዳቤ ይዘው ይቀርባሉ። ደብዳቤው የተማሪውን ማንነትና የጥናቱን ርእስ ይገልጻል። ምን ዓይነት መረጃ፣ የየትኛው ዓመት፣ የየትኛው ወረዳ እንደሚፈለግ ግን ብዙ ጊዜ አይናገርም። የመረጃ ባለሙያው ይህንኑ ሲጠይቅ «ስለ እናቶች ጤና ያለውን ሁሉ» የሚል ምላሽ ካገኘ፣ ጥያቄውን ማስተናገድ አይችልምና ተማሪው አስቦበት እንዲመለስ ይነገረዋል። ከክልል ለመጣ ሰው ይህ ተጨማሪ የአልጋና የመጓጓዣ ወጪ ነው፤ የማስረከቢያ ጊዜ ላለፈበት ደግሞ ሌላ ሴሚስተር ነው። ለዚህ መጉላላት መሥሪያ ቤቶች የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው አይካድም። ነገር ግን ጥናቱ ሊያስረዳ የሚፈልገው ነጥብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ተለይቶ አለመቀመጡ ከምክንያቶቹ አንዱ በመሆኑ፣ ይህ ማብራሪያ በዚሁ ላይ ያተኩራል።

የመከራከሪያ ሐሳብ ምንድን ነው?

በትምህርት ቤት የአንቀጽ አጻጻፍ ስንማር እያንዳንዱ አንቀጽ ኃይለ ቃል እንደሚኖረው ተነግሮናል። ኃይለ ቃል ለአንቀጹ የሚሰጠውን አገልግሎት የመከራከሪያ ሐሳብ ለጠቅላላው ጥናት ይሰጣል። ጸሐፊው መርምሮ የደረሰበትንና በማስረጃ ሊያስረዳው የተዘጋጀበትን አቋም በአንድ ወይም በሁለት ዐረፍተ ነገሮች ያስቀምጣል። ርእስ አይደለም፤ ርእስ የሚናገረው ጥናቱ ስለ ምን እንደሆነ ብቻ ነው። ዓላማም አይደለም። በብዙ ጥናቶች መግቢያ ላይ የሚገኘው «የዚህ ጥናት ዋና ዓላማ የእገሌን ጉዳይ መዳሰስ ነው» የሚለው አገላለጽ ተመራማሪው ምን ሊሠራ እንዳሰበ ይነግረናል እንጂ ምን እንደሚል አይነግረንም። መዳሰሱን የሚቃወም ሰው ስለሌለ የሚከራከርበትም አይኖርም።

በምሳሌ እንመልከተው

አንድ ተማሪ በጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ላይ ሊጽፍ አሰበ እንበል። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረ ሲሆን በየገጠር ቀበሌው 2 ሴት ባለሙያዎችን የመመደብ አሠራርን የተከተለ ነው። ተማሪው መጀመሪያ የሚጽፈው ዐረፍተ ነገር አብዛኛውን ጊዜ «የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ለእናቶች ጤና መሻሻል ከፍተኛ አስተዋጽኦ አበርክቷል» የሚል ይሆናል። «ከፍተኛ አስተዋጽኦ» እና «ጉልህ ሚና» እኛ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዎች በየመግለጫው የምናዘወትራቸው ሐረጎች መሆናቸውን እናምናለን፤ ለጥናት ግን አይበጁም። አስተዋጽኦው ምን ያህል ሲሆን ከፍተኛ እንደሚባል፣ በምን እንደሚለካም አያሳዩም።

ተማሪው ጉዳዩን በጤና ተቋም በሚፈጸም ወሊድ ላይ ቢያጠብበው የሚለካ ነገር ያገኛል። በሀገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት በጤና ተቋም የተፈጸሙ ወሊዶች ድርሻ በ1992 እና በ1997 ዓ.ም. ዳሰሳዎች 5 በመቶ ገደማ ነበር። በ2003 ዓ.ም. 10 በመቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ 26 በመቶ ሆኗል። እነዚህ አራት ቁጥሮች ብቻ ተማሪውን ሊያሳስቡት ይገባል። የ1997ቱ ዳሰሳ የሚቆጥረው ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት የተፈጸሙ ወሊዶችን በመሆኑ፣ ገና በተጀመረ ፕሮግራም ላይ ፍርድ ለመስጠት አያስችልም። የ2003ቱ ግን ፕሮግራሙ ወደ ቀበሌዎች በተስፋፋባቸው ዓመታት ላይ የሚያርፍ ነው፤ ሆኖም ጭማሪው 5 በመቶ ነጥብ ብቻ ሆኖ ይታያል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታዲያ ባለሙያዎቹ በየቀበሌው ከተመደቡ በኋላ ምን ተጨመረ?

የመከራከሪያ ሐሳብ የሚወለደው ከእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ነው። ተማሪው የሚመረምራቸውን ወረዳዎች ከለየ በኋላ የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል፦ «በጤና ተቋም የሚፈጸም ወሊድ ከ2003 ዓ.ም. በኋላ በፍጥነት የጨመረው ከባለሙያዎች ምክር ይልቅ እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ የሚያደርስ መጓጓዣ በመገኘቱ ነው፤ በመሆኑም መኪና በማይገባባቸው ቀበሌዎች ምክሩ በእኩል ደረጃ ቢሰጥም ለውጡ አነስተኛ ሆኖ ይገኛል።»

ይህ ዐረፍተ ነገር በአንድ ጊዜ ብዙ ሥራ ይሠራል። ምክንያትን ለይቶ ይጠቅሳል፤ ጊዜውን ይወስናል፤ የሚነጻጸሩትን ሁለት ዓይነት ቀበሌዎች ያመለክታል። ከሁሉም በላይ ስሕተት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መንገድ በሌላቸው ቀበሌዎችም ለውጡ እኩል ከሆነ ሐሳቡ ይወድቃል። ሌላ ተመራማሪ ተነሥቶ «የለም፣ ለውጡን ያመጣው የእናቶች ማቆያ ቤት መከፈቱ ነው» ብሎ ሊሞግተው ይችላል። እንዲህ የሚሞገት ነገር የሌለው ዐረፍተ ነገር ለማስታወቂያ እንጂ ለጥናት አይሆንም። አንባቢው ልብ ሊለው የሚገባው፣ ከላይ የቀረበው ለአጻጻፍ ምሳሌነት የተዘጋጀ እንጂ የተረጋገጠ ግኝት አለመሆኑን ነው።

በታሪክ ጥናት

በታሪክ ዘርፍ አስቸጋሪው ነገር የታወቀ እውነትን እንደ መከራከሪያ ማቅረብ ነው። «የዓድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ተካሄደ» የሚለው ማስረጃ ነው። «የጦርነቱ መንስኤ የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ነው» የሚለውም በየመማሪያ መጽሐፉ የምናውቀው ነው፤ የአማርኛው ቅጂ ዐፄ ምኒልክ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ግንኙነት በኢጣልያ መጠቀም ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ግን ግዴታ አድርጎታል። ተማሪው ወደ ኋላ ሄዶ ኢጣልያ ምጽዋን የያዘችው በ1877፣ የዶጋሊ ውጊያ የተካሄደው በ1879፣ ውሉ የተፈረመው ግን በ1881 ዓ.ም. መሆኑን ሲያስተውል፣ «አንቀጽ 17 ለጦርነቱ ሰበብ ሆነ እንጂ፣ ግጭቱ ከውሉ በፊት በተጀመረው የኢጣልያ መስፋፋት የመጣ ነበር» የሚል አቋም ሊይዝ ይችላል። አሁን ምን ዓይነት ሰነድ መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። ወደ ኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ሆነ ወደ ወመዘክር ሲሄድ «ስለ ዓድዋ ያለውን ሁሉ» አይጠይቅም፤ ከ1877 እስከ 1881 ዓ.ም. ያለውን ይጠይቃል።

መቼ ይጻፋል?

በንድፈ ጥናት ደረጃ የሚጻፈው ጊዜያዊ ነው፤ በቁጥር በሚሠሩ ጥናቶች መላምት ተብሎ ይቀርባል። መረጃው ከተሰበሰበና ከተተነተነ በኋላ እንደገና ይጻፋል። አንዳንድ ተማሪዎች መላምታቸው ሲወድቅ ጥናቱ የወደቀ እየመሰላቸው ከሐሳባቸው ጋር የማይስማማውን መረጃ ወደ ጎን ይተዋሉ፤ ከዚህም የከፋ ተግባር የሚፈጽሙ አሉ። የሚስተካከለው ዐረፍተ ነገሩ እንጂ መረጃው አይደለም። «ይህ ጥናት መጓጓዣ የተጠበቀውን ያህል ለውጥ አለማምጣቱን ያሳያል» የሚል ድምዳሜ ሙሉ ክብር ያለው ድምዳሜ ነው፤ በጀት ለሚመድብ የመንግሥት አካልም እጅግ ጠቃሚ ነው።

የመረጃ ጥያቄ ሲያቀርቡ

ከትብብር ደብዳቤው ጋር አንድ ገጽ የጥናት ማጠቃለያ ቢያያይዙ ጥያቄዎ በፍጥነት ይስተናገዳል። በገጹ አናት ላይ የመከራከሪያ ሐሳብዎን ወይም መላምትዎን ይጻፉ፤ ከሥሩ ሐሳቡን ለመፈተን የሚያስፈልግዎትን መረጃ በዝርዝር ያስቀምጡ። ዝርዝሩ ከሐሳቡ ጋር የማይገናኝ ነገር ካለበት ከመምጣትዎ በፊት ያውጡት። የሚፈልጉት ዓመት በኢትዮጵያ ወይስ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን ይግለጹ፤ ዳሰሳዎች ብዙውን ጊዜ በአውሮፓ አቆጣጠር ይታወቃሉ፤ የመሥሪያ ቤቶች ሪፖርቶች ግን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ያለውን የበጀት ዓመት ይከተላሉና አንዱን ዓመት ከሌላው ጋር ማምታታት በትንተናው ላይ ከባድ ስሕተት ያስከትላል። የግለሰቦችን ስም ወይም የሕክምና መዝገብ የሚመለከት መረጃ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ከዩኒቨርሲቲዎ የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ የተሰጠዎትን የፈቃድ ደብዳቤ አብረው ያቅርቡ።