የባሕርያ አጥንቶች

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ነገሩ ከሩቅ ነው የሚነሳው። በግብፅ ምዕራባዊ በረሃ፣ አሸዋ በከበበው ምድር፣ ባሕርያ የሚባል የበረሃ ገነት አለ። በ1911 እ.ኤ.አ. በጥር ወር ኤርንስት ስትሮመር የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በግመል ተጉዞ እዚያ ደረሰ፤ ደረሰና ዓይኑን ከመሬት ሳይነቅል ሲዞር አጥንት አገኘ፤ ሌላውን ደግሞ ሪቻርድ ማርክግራፍ የተባለ ባልደረባው እየቆፈረ ሰበሰበለት። ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣና ሣጥኖቹ ግብፅ ቀሩ፤ በ1922 ሙኒክ ሲደርሱም ብዙው ተሰባብሮ ነበር።

ስትሮመር ስብርባሪውን ተቀምጦ አንድ በአንድ ገጣጠመ። በ1932 ከመካከሉ አንዱን፣ አንገተ ረጅሙን ቅጠል በል ዳይኖሰር፣ ኢጂፕቶሳውረስ አለው። በእጁ የነበረው ጥቂት የጅራት አንጓና የእግር አጥንት ነው፤ ግን ያን ያህል ለፍቶበታልና እንደ ልጅ ቢሳሳለት ማን ይፈርድበታል?

ከዚያ ሁለተኛው ጦርነት መጣ። ስትሮመር አጥንቶቹ የተቀመጡበትን የሙኒክ ሙዚየም አለቃ፣ «አጥንቶቹን ከከተማ አውጡልኝ» ብሎ ለመነ፤ አለቃው ናዚ ነበርና እንቢ አለው። በ1944 ከሚያዝያ 24 ለ25 አጥቢያ ቦምብ ዘነበ፤ ሙዚየሙ ነደደ፤ አጥንቶቹም አብረው ነደዱ። ከሦስት ወንዶች ልጆቹም ሁለቱን ያው ጦርነት በላቸው። እኔ እዚህ ላይ ስደርስ ሁሌም ጥቂት ዝም እላለሁ።

ዓመታት አለፉ። በ2000 ጆሹዋ ስሚዝ የተባለ ወጣት አሜሪካዊ ከባልደረቦቹና ከግብፃውያን ጋር ወደ ባሕርያ ሄደ፤ ቆፈሩና ሌላ አንገተ ረጅም አገኙ። ይኸኛውም ሙሉ አልነበረም። የፊት እግሩ የላይኛው አጥንት ብቻ ግን 1.69 ሜትር ነው፤ ከብዙ ሰው ቁመት ጋር የሚተካከል። የተኛበትን አፈር ሲመረምሩ ደግሞ ያ ደረቅ ምድር ከ94 ሚሊዮን ዓመታት በፊት የባሕር ማዕበል እየመጣ የሚመለስበት፣ ፈርን የበቀለበት ጭቃ ሆኖ ተገኘ። አጥንቶቹ ተበታትነዋል፤ በአጠገባቸው የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርስ ወድቋል፤ በልቶት ሄዷል ማለት ነው።

በ2001 ስም አወጡለት፤ ፓራሊቲታን ስትሮመሪ። የባሕር ዳሩ ግዙፍ፣ የስትሮመር። ሽማግሌው ይህን ሳይሰማ በ1952 አርፏል።