ሚሲዮናውያኑ ከሄዱ በኋላ

ኢቶቢኮ በሚገኙ የወንጌላውያን ጉባኤዎቻችን «ደቀ መዝሙርነት» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ኮርስ ነው፤ የተጠረዘ መማሪያ፣ ማታ ማታ በዙም የሚሰጥ ትምህርት፣ በመጨረሻም የምስክር ወረቀትና ጭብጨባ። ኮርሱን አልነቅፍም፤ እኔም ተምሬበታለሁ። ነገር ግን ክርስቶስን መከተል በአገራችን ሥር የሰደደው በዚህ መንገድ አልነበረም። የሚገርመው ደግሞ የታሪኩ አንድ ጫፍ እዚሁ ቶሮንቶ መሆኑ ነው።

በ1893 (ቀኖቹም ዓመቶቹም ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ዋልተር ጎዋንስ፣ ቶማስ ኬንትና ሮላንድ ቢንግሃም የሚባሉ ሦስት ወጣቶች ሌጎስ ደረሱ። ሐሳባቸው በዚያ ዘመን «ሱዳን» ይባል ወደነበረው፣ ከሰሐራ በታች ወዳለው ሰፊ ምድር መግባት ነበር። ቢንግሃምን ለዚህ ጉዞ ያነሣሡት በቶሮንቶ ይኖሩ የነበሩት የጎዋንስ እናት ናቸው። በዓመቱ ልጃቸውም ኬንትም በበሽታ ሞቱ። የተረፈው ቢንግሃም ወደ ቶሮንቶ ተመለሰና ከጊዜ በኋላ ሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን የተባለውን ድርጅት አደራጀ። በ1927 መጨረሻ ዶክተር ቶማስ ላምቢ ቡድን ይዘው አዲስ አበባ ሲገቡ የተጠለሉት በዚሁ ድርጅት ስም ነው። ያሰቡት ጅማ ነበር፤ የደረሱት ግን በ1928 ሲዳማ፣ ከምባታና ወላይታ ነው።

ወላይታ ባዶ እጁን አልጠበቃቸውም። ከጋሞ የተነሣው ኤሳ ላሌ መናፍስትን ትታችሁ አንዱን ፈጣሪ፣ ጦሳን፣ ለምኑ እያለ ቀደም ብሎ በአካባቢው ሰብኮ ነበር። ያም ሆኖ ሚሲዮናውያኑ በወላይታ ሶዶ ዘጠኝ ዓመት ያህል ለፍተው፣ የጣሊያን ጦር በሚያዝያ 1937 ሲያስወጣቸው፣ የተዉት የተጠመቀ አማኝ 48 ብቻ ነበር። አብዛኛው ማንበብ አይችልም። በቋንቋቸው የታተመውም ከቅዱሳት መጻሕፍት ጥቂት ቁራጭ ነው። ፈረንጆቹ ሲሰናበቱ ይህች ጭላንጭል ስንት ወር ትቆይ ይሆን ብለው መስጋታቸው አይፈረድባቸውም። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ ግን የጠበቃቸው 10,000 የሚገመት አማኝና ወደ 100 የሚጠጋ ጉባኤ ነው።

ምን ተደረገ? ታሪኩን የጻፈው ሚሲዮናዊ ሬይመንድ ዴቪስ እንደሚተርከው፣ ጣሊያኖች 50 ያህል መሪዎችን አስረው እያንዳንዳቸውን መቶ መቶ ጅራፍ ገረፏቸው፤ ሦስቱ ሞቱ። በዚያ ዘመን እስረኛን የሚቀልበው ዘመዱ ነው፤ ዘመድ የሌለው ይራባል። አማኞቹ ታዲያ ለታሰሩት ወንድሞቻቸው የሚያመጡት ስንቅ ከእነሱ አልፎ ለማያምኑት እስረኞችም የሚበቃ ነበር። ሰዎች የተጠየቁት ዶግማ ተቀበሉ ተብለው አይደለም፤ ዘመዱ ላልሆነ ሰው እንጀራ የሚያመጣ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው ብለው ራሳቸው ጠየቁ። እንደ ብሩ ዱባሎና ዋንዳሮ ያሉ መሪዎች ትምህርታቸውን የሰጡት በዚህ መካከል ነው። በኋላም የወላይታ ወንጌላውያን ሚስትና ልጅ ይዘው ወደ ጋሞ፣ ጎፋና ሌላውም አገር ሄደው ሰፈሩ፤ ስንቃቸውን የሸፈነችው ደሃዋ የወላይታ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ዛሬ ቃለ ሕይወት የምንላት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ወጣች። መምህሩ አጠገቡ የሌለ ተማሪ ይጠፋል የሚለውን ሥጋት ወላይታ አፍርሶታል። እኔ እንደማየው የተረፉት የተማሩት በዝቶ ሳይሆን የተማሩትን ጥቂት ነገር በዚያው ሳምንት ስለሠሩበት ነው።

ለኦርቶዶክስ አንባቢ ይህ እንግዳ አይደለም። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ በየደጃፉ «በእንተ ስማ ለማርያም» የሚል የቆሎ ተማሪ ዋሸራ ወይም ጎንጅ የሚሄደው ቅኔ ሊቆጥር ብቻ አይደለም። ለየኔታ ውኃ ይቀዳላቸዋል፣ ሲጾሙ ይጾማል፣ ሲቆጡ ይችላል። ረኃቡም የትምህርቱ አካል ነው። ሁለቱ ወገኖች በነገረ መለኮት ብዙ ይለያያሉ፤ ሰው የሚሠራው ከሰው ጋር በመኖር ነው በሚለው ግን ሳይነጋገሩ ይስማማሉ።

ደርግ ሲመጣ ነገሩ እንደገና ተፈተነ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የመውጣት ዕድል ተመቻችቶላቸው ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም አሉ፤ ሐምሌ 28 ቀን 1979 ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም አሥር ዓመት ታሰሩ። ብዙዎች ቄስ ጉዲናን በናዚዎች ከተገደለው ጀርመናዊ ቄስ ዲትሪሽ ቦንሆፈር ጋር የሚያመሳስሏቸው በከንቱ አይደለም። የቦንሆፈር የደቀ መዝሙርነት መጽሐፍ የታተመውም ሶዶ ከሚሲዮናውያን ባዶ በሆነችበት በዚያው በ1937 ነው። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1982 ተዘጋች፤ መሪዎቿ ታሰሩ፤ 5,000 ያህል አባሎቿ በየቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ተበታትነው መሰብሰብ ያዙ። በ1991 በሩ ሲከፈት የወጡት 34,000 ነበሩ።

ኢቶቢኮ ደግሞ ሌላ ዓይነት እሳት አይታለች። በጥር 1994 ከፒርሰን አየር ማረፊያ አጠገብ በነበረች አነስተኛ ጉባኤ የተጀመረው «የቶሮንቶ በረከት» በዓመቱ ወደ አትዌል ድራይቭ ተዛወረ፤ ከዓለም ዙሪያ ሰዎች እየበረሩ መጥተው ሳቁ፣ አለቀሱ፣ ወደቁ። መንፈሱን አልፈርድም። ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ የሚመጣበት በረከትና አጠገብህ ያለውን ሰው ለዓመታት መሸከም የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የኛ ሰው እዚህ የሚፈተነው በጅራፍ አይደለም፤ በሺፍት ነው። ባል ሌሊቱን መጋዘን፣ ሚስት ቀኑን አረጋውያን መንከባከቢያ፤ በራፍ ላይ ይተላለፋሉ። ልጆቹ በእንግሊዝኛ ይጸልያሉ፣ አባት በአማርኛ። አብሮ መብላት የሌለበት ቤት ደቀ መዝሙር ለማፍራት ኮርስ ቢጠራ አይገርምም።

ሆኖም የወላይታን ስንቅ የሚያስታውሰኝ አንድ ነገር እዚህም አለ። ካናዳ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ዜጎች ራሳቸው ስደተኛ እንዲያስመጡ ትፈቅዳለች። ከመንገዶቹ አንዱ፣ አዲስ ማመልከቻ መቀበል በ2024 እስኪቆም ድረስ፣ «የአምስት ሰዎች ቡድን» ነበር፤ አምስት ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች ፈርመው አንድ ቤተሰብን ለ12 ወር ሊደግፉ ቃል ይገቡ ነበር፤ ኪራዩን፣ ምግቡን፣ የክረምት ልብሱን፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ማስመዝገቡን ጨምሮ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰው ናይሮቢ ወይም ካምፓላ ዓመታት የጠበቀ ነው፤ ከአምስቱ አንዳንዱም በአካል አይቶት አያውቅም። ፈራሚዎቹ ባለጠጎች አይደሉም፤ ሹፌሮች፣ ነርስ ረዳቶች፣ የጋራዥ ሠራተኞች ናቸው። በመካከላቸው ጠብም አለ፦ ቤዝመንቱን ማን ይስጥ፣ ሥራ እስኪያገኝ ወርኃዊ መዋጮው ከየት ይምጣ፣ እሱስ ለምን ስልኩን አያነሣም። መጽሐፍ ቅዱስ ጥናቱ አንዳንዴ በዚህ ክርክር ምክንያት ይዘለላል፤ እኔ ግን ያ ምሽት ባከነ አልልም። የመጣው ሰው የሚገባው ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ነውና መንገዱ ክፍት በነበረ ጊዜ፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሌላ ሰው ከአምስቱ አንዱ ሆኖ መፈረም ይችል ነበር።