በሺዎች የሚቆጠሩ ኮምፒውተሮችን በአንድ ኔትወርክ ማስነሣት፦ የኦፐሬቲንግ ሲስተም ስርጭት አሠራርና ከዳህራን የተገኘው ልምድ

በአል ኾበር ከተማ አል ዑለያ ሠፈር ከሚገኙት የቢሮ ሕንጻዎች በአንዱ የሚሠራ ሰው፣ አንድ ቀን ጧት ኮምፒውተሩን ሲያበራ ከለመደው የይለፍ ቃል መጠየቂያ ይልቅ በጥቁር ገጽ ላይ በነጭ ፊደላት የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ሊገጥሙት ይችላሉ። ከመስመሮቹ መካከል ረዘም ያለ የቁጥርና የፊደል ቅንብር ይታያል፤ የኔትወርክ ካርዱ መለያ ነው። ኮምፒውተሩ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን (ሥርዓተ ክወናውን) በውስጡ ካለው ዲስክ መፈለጉን ትቶ በኔትወርኩ ላይ የሚገኝ ሰርቨርን እየጠየቀ ነው። አንዳንዴ ይህ የሚሆነው ዲስኩ ስለ ሞተ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የድርጅቱ የኮምፒውተር ክፍል ሆን ብሎ ያዘዘው ሥራ ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተምን በኔትወርክ ማሰራጨት ማለት፣ ባለሙያ በየጠረጴዛው እየዞረ በሲዲ ወይም በፍላሽ ዲስክ መጫኑ ቀርቶ፣ በአንድ ቦታ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሥርዓት በገመድ ወደ ብዙ ኮምፒውተሮች የሚላክበት አሠራር ነው። አሥር ኮምፒውተር ላለው ሱቅ ነገሩ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። አሥር ሺህ ላለው ድርጅት ግን ያለ እርሱ መሥራት አይቻልም፤ ይህም ጎልቶ የታየው ከአል ዑለያ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ርቃ በምትገኘው ዳህራን ነው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 15 ቀን 2012 (ነሐሴ 9 ቀን 2004 ዓ.ም.) ረቡዕ ነበር፤ የረመዳን ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ብዙ ሠራተኞች ወደ ዕረፍት ወጥተዋል። ከረፋዱ 5 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ላይ (በዓለም አቀፉ አቆጣጠር 11 ሰዓት ከ8 ደቂቃ፤ የሳዑዲ ዓረቢያና የኢትዮጵያ የሰዓት ክልል አንድ ነው) ሻሙን የሚል ስም የተሰጠው አጥፊ ፕሮግራም ዋና መሥሪያ ቤቱ ዳህራን በሆነው የሳዑዲ አራምኮ የቢሮ ኔትወርክ ላይ ሥራውን ጀመረ። ፕሮግራሙ ፋይሎችን በሚቃጠል የአሜሪካ ባንዲራ ሥዕል ቁራጭ ከደመሰሰ በኋላ፣ ኮምፒውተር ሲነሣ በመጀመሪያ የሚነበበውን የዲስኩን ክፍል አጠፋ። ይህ ክፍል የሌለው ዲስክ፣ ሌላው ይዘቱ ባይነካ እንኳ፣ ኮምፒውተሩን ማስነሣት አይችልም። ኩባንያው በኋላ እንዳስታወቀው የተጠቁት የሥራ ኮምፒውተሮች ወደ 30 ሺህ ይጠጋሉ። የነዳጅ ፍለጋና ምርት ሥራው የሚመራው በተለየ ኔትወርክ ስለነበር ጉዳት አልደረሰበትም፤ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 26 ቀን ደግሞ ዋና ዋናዎቹ የውስጥ ኔትወርክ አገልግሎቶች መመለሳቸው ተነገረ።

ከጥቃቱ በኋላ በመልሶ ግንባታው የተሳተፈች የደህንነት ባለሙያ በ2015 ለዜና ተቋማት እንደገለጸችው፣ ኩባንያው በአንድ ጊዜ 50 ሺህ ሐርድ ዲስክ ገዝቷል፤ ቢሮዎችም ለጊዜው ወደ ፋክስና ወደ ታይፕ መኪና ተመልሰው ነበር። አዲስ ዲስክ ግን ባዶ ነው። ገዝቶ ከማምጣቱ ይልቅ የሚከብደው በእያንዳንዱ ላይ የሚሠራ ሥርዓት መልሶ ማስቀመጡ ነው።

የአሠራሩ መሠረት ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1999 ያሳተመውና ፒ ኤክስ ኢ የሚባለው ስምምነት ነው። ኮምፒውተሩ ሲበራ የኔትወርክ ካርዱ «አድራሻ ስጡኝ፣ ማስነሻም ካላችሁ ንገሩኝ» የሚል ጥያቄ ወደ ኔትወርኩ ይለቃል። ዲ ኤች ሲ ፒ የሚባለው አገልግሎት የአይ ፒ አድራሻ ይሰጠዋል፤ የማስነሻ ፋይሉን የያዘውን ሰርቨርና የፋይሉን ስም የሚነግረው ደግሞ ያው አገልግሎት ወይም አብሮት የሚሠራው የማሰራጫ ሰርቨር ነው። ካርዱም ፋይሉን ያወርድና በማስታወሻው ላይ ያስነሣል። በዚህ ጊዜ የሚነሣው ዋናው ኦፐሬቲንግ ሲስተም አይደለም። ዲስኩን መከፋፈል፣ ኔትወርኩን ማነጋገርና መመሪያ ማንበብ ብቻ የሚችል ትንሽ ጊዜያዊ ሥርዓት ነው። ዋናውን ጭነት ስቦ የሚያመጣው ይህ ትንሹ ነው።

ዋናው ጭነት በባለሙያዎች ዘንድ ኢሜጅ ይባላል። አንድ ኮምፒውተር በሚገባ ተዘጋጅቶ፣ አስፈላጊዎቹ ፕሮግራሞች ተጭነውበት፣ የዲስኩ ይዘት በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀዳል። እንደ እርሾ ነው፤ ከአንዱ ቡሖ የተቀነሰው ለሌላው ይሆናል። ይሁን እንጂ እርሾው የመጀመሪያውን ዕቃ ስም ይዞ መሄድ የለበትም። ዊንዶውስ የተጫነበት ኮምፒውተር ሁሉ የራሱ መለያ ቁጥር ስላለው፣ ቅጂው ከመወሰዱ በፊት ሲስፕረፕ በተባለው መሣሪያ መለያው ይሰረዛል፤ እያንዳንዱ ኮምፒውተርም ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ አዲስ ያወጣል። ማይክሮሶፍት ለዚህ ሥራ ከዊንዶውስ 2000 ጋር አንድ አገልግሎት አቅርቦ ነበር፤ በኋላ በዊንዶውስ ዲፕሎይመንት ሰርቪስስ ተተካ። በሊኑክስ ዓለም የሬድ ሃት ኪክስታርት፣ የዴቢያን ፕሪሲድ፣ የኡቡንቱ አውቶኢንስቶል ተመሳሳይ ሥራ ይሠራሉ፤ ለጭነቱ የሚነሡትን ጥያቄዎች መልስ አስቀድመው በፋይል ጽፈው ይሰጣሉ። ገንዘብ ለሌለው ትምህርት ቤት ወይም አነስተኛ መሥሪያ ቤት ፎግ እና ክሎንዚላ የተባሉት ነጻ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለሃምሳና ለመቶ ኮምፒውተር ከበቂ በላይ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የገመዱ ስፋት ነው። በሰከንድ አንድ ጊጋ ቢት የሚያስተላልፍ መስመር ቢበዛ 125 ሜጋ ባይት በሰከንድ ይወስዳል። 10 ጊጋ ባይት የሆነ ኢሜጅ በዚህ መስመር ለአንድ ኮምፒውተር ለማድረስ 80 ሰከንድ ይፈጃል ማለት ነው፤ ለአንድ ሺህ ኮምፒውተር በየተራ ሲሆን ከ22 ሰዓት በላይ። ለ30 ሺህ ሲሰላ ወደ 28 ቀን ይደርሳል፤ ያውም መስመሩ ለአንዲት ሰከንድ ሳያርፍና ሌላ ሥራ ሳይሠራበት። ስለዚህ ባለሙያዎች መልቲካስት የተባለውን ዘዴ ይጠቀማሉ፤ ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ይልካል፣ የሚያዳምጡት ሁሉ በአንድነት ይቀበላሉ። ሌላው ዘዴ ቀድሞ የተቀበለው ኮምፒውተር ለጎረቤቱ እንዲያካፍል ማድረግ ነው። ትልልቅ ድርጅቶች ደግሞ በየሕንጻው ቅጂ የያዘ ሰርቨር ያስቀምጣሉ።

የርቀቱም ነገር ቀላል አይደለም። የማስነሻውን ፋይል የሚያመጣው ቲ ኤፍ ቲ ፒ የተባለው የቆየ ስምምነት በመደበኛ አሠራሩ ፋይሉን 512 ባይት እየቆራረጠ ይልካል፤ ለእያንዳንዷ ቁራጭም «ደርሶኛል» የሚል መልስ ሳይመጣ ቀጣይዋን አይለቅም። 400 ሜጋ ባይት ያህል የሆነ ፋይል ወደ 800 ሺህ ቁራጭ ይሆናል። መልሱ በአንድ ሺህኛ ሰከንድ ከመጣ ነገሩ በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ሰርቨሩ በሌላ ከተማ ሆኖ መልሱ ሃያ ሺህኛ ሰከንድ ከወሰደ ግን ወደ አራት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። «መስመሩ ፈጣን ነው፣ ጭነቱ ግን አይገፋም» ለሚለው የዘወትር አቤቱታ ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ መስመሩን ማስፋት አይፈታውም። ቁራጩን ማተለቅ፣ ሳይጠበቅ ብዙ ቁራጭ እንዲላክ መፍቀድ፣ ወይም ፋይሉን በድረ ገጽ ማሠራጫ ስምምነት ማምጣት ይፈታዋል።

ብዙ ኮምፒውተርን በአንድ ትእዛዝ መድረስ የሚችል መሣሪያ በአንድ ስሕተት ብዙ ያጠፋል። እ.ኤ.አ. ግንቦት 14 ቀን 2014 በአሜሪካ አትላንታ በሚገኘው ኤሞሪ ዩኒቨርሲቲ የዊንዶውስ 7 ኢሜጅ በስሕተት ለሁሉም የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ተላከ፤ ትእዛዙ ዲስክ መከፋፈልንና ማጥፋትን የሚጨምር ነበር። ባለሙያዎቹ ነገሩን ደርሰውበት ትእዛዙን ሊያስቆሙ ሲሞክሩ፣ ትእዛዙን የላከው ሰርቨር ራሱ ተደምስሶ አገኙት። በዚያ ቀን አጥቂ አልነበረም። ስለዚህ ጥንቃቄ ያለበት ድርጅት አዲስ ኢሜጅን መጀመሪያ ለአምስት፣ ቀጥሎ ለሃምሳ፣ ከዚያ ለአንድ ክፍል ይልካል፤ ሰርቨሮችንም ከስርጭቱ ዝርዝር ጭርሱን ያወጣል።

ከሻሙን ጋር የሚያገናኘው ጉዳይም እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ በኔትወርክ ላይ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የተሸጋገረው የኮምፒውተር ክፍል ባለሙያዎች ለዕለት ሥራቸው በሚሄዱበት መንገድ፣ ማለትም በጋራ ማኅደሮችና በአስተዳዳሪ ፈቃድ ነው። እ.ኤ.አ. ኅዳር 17 ቀን 2016 ሲመለስ ደግሞ የሳዑዲ መሥሪያ ቤቶችን ሕጋዊ የመለያ ስሞችና የይለፍ ቃሎች በውስጡ ይዞ ተገኝቷል። እንግዲህ የማሰራጫው ሰርቨር ቁልፍ የሁሉም ቤት ቁልፍ ነው። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በመልስ ፋይሎች ውስጥ ተጽፎ መተው፣ ማንኛውም እንግዳ ላፕቶፑን በግድግዳው ሶኬት ሰክቶ የድርጅቱን ኢሜጅ እንዲያወርድ መፍቀድ፣ የማስነሻ ፋይሎችን ፊርማ የሚያረጋግጠውን ሴኪዩር ቡት ለምቾት ማጥፋት፤ እነዚህ የተለመዱ ቸልተኝነቶች ናቸው፣ ይቅርታም አይገባቸውም። በሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. በ2017 የተቋቋመው ብሔራዊ የሳይበር ደህንነት ባለሥልጣን በ2018 ባወጣው መሠረታዊ የቁጥጥር መመሪያ የመጠባበቂያ ቅጂ አያያዝንና ኔትወርክን መከፋፈልን ከመሥሪያ ቤቶች ግዴታዎች ውስጥ አስገብቷል።

ኢሜጁ ደህና ሆኖ የተጠቃሚዎች መዝገብ ከጠፋ ምን ይደረጋል? የዴንማርኩ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2017 ኖትፔትያ በተባለው አጥፊ ፕሮግራም ሲመታ ይህ ደርሶበታል። የኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበር በዳቮስ ጉባኤ ላይ እንደተናገሩት፣ በአሥር ቀን ውስጥ 4 ሺህ ሰርቨሮችና 45 ሺህ ኮምፒውተሮች እንደ አዲስ ተጭነዋል። በኋላ በታተመ ሰፊ ዘገባ እንደተገለጸው፣ የሠራተኞቹን መለያ የያዙት ሰርቨሮች በሙሉ ሲጠፉ የተረፈው አንድ ብቻ፣ በጋና የሚገኘው ነበር፤ እርሱም የተረፈው በጥቃቱ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከኔትወርክ በመውጣቱ ነው። መረጃውን በመስመር ለመላክ የጋናው ኔትወርክ ቀርፋፋ ሆኖ በመገኘቱ፣ ዲስኩ በናይጄሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ወደ ብሪታንያ ተወስዷል። መብራት በጠፋ ቁጥር የምናማርር ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም።

በአሁኑ ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተሮቻቸውን እንደገና እንዲጭኑ የሚያስገድዳቸው ሌላ ምክንያት አለ። ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 14 ቀን 2025 አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲ ፒ ኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ክፍል ያለው ኮምፒውተር ይፈልጋል። አዳዲስ ላፕቶፖችን በተመለከተ አሠራሩ እየተለወጠ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2017 ባስተዋወቀው አውቶፓይለት፣ ከፋብሪካ የመጣው ሥርዓት ሳይጠፋ፣ ሠራተኛው በመለያ ስሙ ሲገባ የድርጅቱ ቅንብርና ፕሮግራሞች በኢንተርኔት ይወርዱለታል።

ለአንባቢያን ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው በጠረጴዛቸው ያለው ኮምፒውተር ሲሆን ሁለት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛው፣ ኢሜጅ ሲጫን ዲስኩ በአብዛኛው ይደመሰሳል። የኢቃማ፣ የፓስፖርትና የሥራ ውል ቅጂዎቻቸውን፣ የልጆቻቸውን ፎቶግራፍ በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ዴስክቶፕ ላይ ብቻ ያስቀመጡ ሠራተኞች ጥቂት አይደሉም፤ በኔትወርክ ማኅደር ያልተቀመጠ ፋይል ከጭነቱ በኋላ አይገኝም። የኮምፒውተር ክፍሉ የጭነት ቀን ካስታወቀ፣ የግል ሰነድን ወደ ራስ ማከማቻ መውሰድ ከዚያ ቀን በፊት መደረግ አለበት፤ የድርጅቱ ሕግ ፍላሽ ዲስክ መጠቀምን የሚከለክል ከሆነ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው የአማርኛ ጽሑፍ ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የሚዘጋጅ ኢሜጅ ዓረብኛና እንግሊዝኛ ይዞ ቢመጣ አያስገርምም። ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ የነበረው ኒያላ የተባለው የግዕዝ ፊደል ቅርጽ በዊንዶውስ 10 እና 11 በአማራጭ ክፍልነት ስለሚገኝ አብሮ ላይጫን ይችላል። ኤብሪማ የተባለው ሌላው ቅርጽ ግን ስላለ የአማርኛ ድረ ገጽ ይነበባል፤ በኒያላ የተጻፈ የቆየ ሰነድ ሲከፈት የመስመሩ አሰላለፍ ተዛብቶ ይታይ ይሆናል እንጂ ፊደሉ አይጠፋም። የአማርኛ ቁልፍ ሰሌዳ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ስለሚመጣ ከውጭ ማውረድ አያስፈልግም፤ በቅንብሮች ውስጥ ካለው የቋንቋ ክፍል አማርኛን መጨመር ይበቃል። የፊደል ቅርጹን መጨመር ግን የአስተዳዳሪ ፈቃድ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ጥያቄው ጭነቱ ከመጀመሩ በፊት ለኮምፒውተር ክፍሉ ቢቀርብ ባለሙያው በኢሜጁ ውስጥ አንድ ጊዜ ጨምሮት ለሁሉም ይደርሳል።