ሙዚቃና ማኅበራዊ ሚዲያ በዶክትሬት ጥናት፤ የድጋፉ ዓላማና የሕጉ ማዕቀፍ

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው የኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ ከልዩ ልዩ የአገሪቱ አካባቢዎች የመጡ ነዋሪዎች በጋራ የሚኖሩበት ነው። በአየር ጤና፣ በቤተል ወይም በዓለም ባንክ አካባቢ በሚዘጋጅ የሰርግ ድንኳን የጉራጌና የስልጤ ዘፈኖች ከአማርኛና ከኦሮምኛ ዘፈኖች ጋር ተፈራርቀው ይሰማሉ። ዛሬ በእጅ ስልክ የተቀረጸ የሰርግ ዘፈን በዚያው ሌሊት በዩቲዩብ፣ በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ተሰራጭቶ በውጭ አገር ከሚኖሩ ወገኖች ዘንድ ይደርሳል።

ይህ ለውጥ የሙዚቃ ጥናትን አዳዲስ ጥያቄዎች እንዲያነሳ አድርጎታል። ዘፈኑን ያወጣው ማን ነው? የቀረጸውና ያሰራጨውስ? ከስርጭቱ ገቢ ከተገኘ ለማን ይደርሳል? አውጪና ተቀባይ እየተፈራረቁ ለረጅም ጊዜ የሚያዜሙት ዘፈን ለአጭር ቪዲዮ ተብሎ ሲቆራረጥ ምን ይቀርለታል? በመስኩ ለሚካሄድ የዶክትሬት ጥናት የገንዘብ ድጋፍ የሚያስፈልገው ለእነዚህ ጥያቄዎች በማስረጃ የተደገፈ መልስ ለማግኘት ነው።

የኢትዮጵያ ሙዚቃ በዶክትሬት ደረጃ መጠናት የጀመረው ቀደም ሲል ነው። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1971 በአሜሪካ ከሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ አግኝተዋል። ሲንቲያ ኪምበርሊን በማሲንቆና በቅኝት ላይ ያተኮረ ጥናታቸውን እ.ኤ.አ. በ1976 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ አቅርበዋል። ኬይ ካፍማን ሸለማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1973 እስከ 1975 በኢትዮጵያ የመስክ ሥራ አካሂደው፣ በቤተ እስራኤል የጸሎት ዜማ ላይ የሠሩትን ጥናት በ1977 በሚቺጋን ዩኒቨርሲቲ አጠናቀዋል። በእነዚያ ዓመታት ተመራማሪው መቅረጫ ይዞ ወደ ባለሙያው ይሄድ ነበር፤ የተቀረጸው ድምፅም በአብዛኛው በተመራማሪው ወይም በተቋሙ እጅ ይቀር ነበር።

በአሁኑ ጊዜ ቀራጩ ራሱ ኅብረተሰቡ ነው። በመሆኑም ተመራማሪው የመስክ ምልከታን በኢንተርኔት ከሚሰበሰብ መረጃ ጋር ማጣመር ይጠበቅበታል። በአውሮፓ የምርምር ምክር ቤት ገንዘብ እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2015 በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተመራው የሙዚቃና የዲጂታል ቴክኖሎጂ ጥናት ለዚህ አሠራር በምሳሌነት ይጠቀሳል። ጥናቱ ኬንያን ጨምሮ በበርካታ አገሮች ተመራማሪዎችን አሰማርቶ ሙዚቀኞችን በሚሠሩበት ቦታ ተከታትሏል። በኢትዮጵያም በኖርዌይ መንግሥት ድጋፍና በዩኔስኮ አማካይነት እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ባህላዊ ሙዚቃን፣ ውዝዋዜንና የሙዚቃ መሣሪያዎችን ለመመዝገብ ያለመ ፕሮጀክት ተካሂዷል።

በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ብቻ የሚመሠረት ጥናት ሁለት ዐቢይ ችግሮች አሉበት። አንደኛው የመረጃው አለመዝለቅ ነው። ማይስፔስ የተባለው ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑለት የሙዚቃ ሥራዎች በመረጃ ዝውውር ወቅት መጥፋታቸውን በ2019 አምኗል። ሁለተኛው የአገልግሎት መቋረጥ ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሀጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት በአገሪቱ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሳምንታት ተቋርጦ ነበር። የድምፃዊው ዘፈኖች በየቤቱ ይደመጡ በነበሩበት በዚያ ወቅት ሕዝቡ ሐዘኑን በሙዚቃ እንዴት እንደገለጸ ከኢንተርኔት ብቻ ለማወቅ የሚሞክር ተመራማሪ የተሟላ መረጃ አያገኝም። ስለዚህ ለመስክ ሥራ፣ ለመጓጓዣና ለአስተርጓሚ የሚመደበው ገንዘብ ከጥናቱ በጀት ሊቀነስ የሚገባው ወጪ አይደለም።

የሕጉን ማዕቀፍ በተመለከተ፣ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ሙዚቃንና የሰርግ ሥርዓትን ግዙፍነት ከሌላቸው ቅርሶች ይመድባል። ኢትዮጵያ ግዙፍነት የሌላቸውን ባህላዊ ቅርሶች ለመጠበቅ የወጣውን የዩኔስኮ ስምምነት ያጸደቀችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመታት፣ ለከዋኙና ለድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁ ደግሞ ለ50 ዓመታት የሚቆይ የኢኮኖሚ መብት ይሰጣል። አዋጁ በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ተሻሽሏል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የዘፋኞችንና የአድማጮችን ስም፣ ምስልና አስተያየት የሚሰበስብ ተመራማሪ መረጃውን የሚይዝበትን መንገድ አስቀድሞ መወሰን አለበት።

ሆኖም ሕግ በመኖሩ ብቻ ተጠቃሚነት አይረጋገጥም። የቅጂ መብት ጥበቃ የሥራውን ባለቤት ለይቶ ማወቅን ይጠይቃል። በሰርግ ቤት ተሰብሳቢው ሁሉ የሚቀበለው ዘፈን ግን ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈ በመሆኑ አንድ ደራሲ ላይኖረው ይችላል። ቀርጾ ያሰራጨው ሰው ከማስታወቂያ ገቢ ሊያገኝ፣ ያጠናው ሰው ዲግሪ ሊይዝበት ይችላል፤ ያዜሙት እናቶች ግን መቀረጻቸውን እንኳ ላያውቁ ይችላሉ። ለጥናቱ ድጋፍ የሚሰጥ አካል ሊመለከተው የሚገባ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ጥናት ፈቃድ፣ የትብብር ደብዳቤ ወይም ገንዘብ የሚሰጡ መሥሪያ ቤቶች ሦስት ነጥቦችን አስቀድመው ቢያረጋግጡ ተገቢ ነው። የመጀመሪያው፣ የዘፋኞቹ ፈቃድ በሚገባቸው ቋንቋ መጠየቁ ነው። ሁለተኛው፣ የቅጂው አንድ ክፍል በአገር ውስጥ ተቋም፣ ለምሳሌ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም፣ የሚቀመጥበት ሁኔታ መመቻቸቱ ነው። ሦስተኛው፣ ውጤቱ ጥናቱ ለተካሄደበት ኅብረተሰብ ተመልሶ መቅረቡ ነው።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ሲያስቀርጹ ለዚህ ሥራ ባሕር መሻገር ግድ ነበር። ዛሬ መቅረጫው በኮልፌ ቀራኒዮ በእያንዳንዱ ሰርገኛ ኪስ ውስጥ ይገኛል። የተቀረጸውን ጠብቆ ማቆየትና ባለቤቱን ማወቅ ግን አሁንም በጀት፣ ጊዜና የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል።