አዛን የሚያሰማው ኮምፒውተር

ኡቡንቱ የተባለው ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እ.ኤ.አ. በ2004 ሲወጣ ማንም ወስዶ እንደሚመቸው አስተካክሎ መልሶ ሊያከፋፍለው ይችል ነበር። ምእመናን ፈቃዱን ለመጠቀም አልዘገዩም። በ2006 የክርስቲያኖች ኡቡንቱ ወጣ፤ በዓመቱ የሙስሊሞቹ ተከተለ። ይኸኛው ኋላ «ሰቢሊ» ተብሎ ታወቀ።

ሰቢሊን የጫነ ሰው «ዚክር» በተባለው ፕሮግራም ቁርአንን ከነትርጉሙ ያነብ፣ ቂርአት ያዳምጥ ነበር። «ሚንበር» ወቅቱ ሲገባ አዛን ያሰማ ነበር። «ሙናጃት» ደግሞ በየጊዜው ዱዓና ዚክር በስክሪኑ ላይ ብቅ ያደርግ ነበር። የሂጅራ አቆጣጠርና ለልጆች የማይሆኑ ድረ ገጾችን የሚያግድ ማጣሪያም አብረው ይመጡ ነበር። ኢንተርኔት በሚያዘግምባቸው አገሮች ይህ ሁሉ በአንድ ዲስክ ተጠቃሎ መገኘቱ ትልቅ እፎይታ ነበር።

መንገዱ ግን ቀደም ብሎ ተጠርጓል። በ1980ዎቹ መሐመድ አል ሻሪኽ የመሠረተው የኩዌቱ ሳኽር በዓረብኛ የሚሠራ ኮምፒውተርና የቁርአን ፕሮግራም አቅርቦ ነበር። ያ ግን የሚሸጥ ዕቃ ነበር፣ ኮዱም የኩባንያው ንብረት። የኡቡንቱ መሠረት በሆነው ሊኑክስ ላይ ሐርፎችን ከቀኝ ወደ ግራ አያይዞ ማሳየት ራሱ ሌላ ትግል ጠየቀ፤ በ2001 የተጀመረው አረብአይዝ ይህን ከተሸከሙት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ስብስብ ነው። የሶላት ሰዓት ማስያ ኮድም ያወጡት እነሱ ናቸው።

ይህ ስሌት ከውጭ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ሱብሂ የሚገባው ፀሐይ ከአድማስ በታች ስንት ዲግሪ ላይ ስትሆን ነው? የሙስሊም ዓለም ሊግ 18 ይላል፤ ግብጾች 19.5፤ የሰሜን አሜሪካው ኢስላማዊ ማኅበር 15። በአስር ሶላት ላይም መዝሀቦች ይለያያሉ፤ ሻፊዒዎች ጥላው የዕቃውን ቁመት ሲያክል፣ ሐነፊዎች እጥፉ ሲሆን ይላሉ። ፕሮግራም አውጪዎቹ ዳኛ ሆነው አንዱን በሌላው ላይ አልጫኑም፤ አማራጮቹን ደርድረው ምርጫውን ለሰጋጁ ተዉለት። ይህን ጥንቃቄያቸውን አከብራለሁ። አዲስ አበባ ላለ ሰው የሱብሂው ልዩነት የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። ለንደን ወይም ስቶክሆልም ለሚኖር ወገናችን ግን በሰኔ ፀሐይ ሌሊቱን ሙሉ 18 ዲግሪ ስለማትወርድ በዚህ መስፈርት ስሌቱ ጭራሽ መልስ ያጣል። ስለዚህ ሌሊቱን አጋምሶ ወይም ለሰባት ከፍሎ የሚገምት መላ መጨመር ግድ ሆነ።

ከዚህም የጠለቀ ጥያቄ ነበር። ነጻ ሶፍትዌር ማንም እንዲለውጠው የተሰጠ ነው፤ የቁርአን ጽሑፍ ግን አንድ ሐረካው እንኳ አይነካም። በ2007 የተጀመረው ታንዚል በጥንቃቄ የታረመ ዲጂታል ጽሑፍ ሲያቀርብ ፈቃዱን ግልጽ አደረገ፦ መቅዳትና ማሰራጨት ይቻላል፣ መለወጥ አይቻልም። ስለዚህ ኮዱ እንደ ልብ ሲከለስ ጽሑፉ እንዳለ ይቆያል። ፌዶራ የተባለውን ሌላ ሊኑክስ መነሻ ያደረገው የዓረቦቹ ኦጁባ ደግሞ ሥራውን በወቅፍ ፈቃድ ሰጠ። ወቅፍ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ጥቅሙ ለሕዝብ ነው። እነዚህ ልጆች ከባሕር ማዶ የመጣ የፈቃድ ሐሳብ ሲያነቡ የአባቶቻቸውን ሕግ አገኙበት። በእኔ ግምት ከጠቅላላው ታሪክ የሚበልጠው ይህ ነው።

ሰቢሊ ብዙ አልቆየም። ኡቡንቱ በየስድስት ወሩ አዲስ እትም ያወጣል፤ በያንዳንዱ ላይ ሁሉንም ነገር እንደገና መገጣጠምና መፈተሽ በትርፍ ሰዓታቸው ለሚሠሩ ጥቂት ሰዎች ከባድ ነው። «ኡሁድ» የተሰኘው የሰቢሊ 11.10 እትም የመጨረሻው ሆነ። በዚያው ሰሞን አዛኑም ቂብላውም ወደ ስማርት ስልክ ተሻገሩ።

ከሥሩ የሠሩት ግን ሥራቸው ቀጥሏል። የግብጻዊው ኻሊድ ሆስኒ «አሚሪ» ፎንት፣ በካይሮው የቡላቅ ማተሚያ ቤት ፊደል መነሻነት የተቀረጸ፣ ዛሬም በነጻ ይወሰዳል። ኢራን ተወልዶ ያደገው በህዳድ እስፋህቦድ ለዓመታት የደከመበት ሃርፍባዝ ደግሞ ሐርፎችን በየቦታቸው የሚያያይዝ ኮድ ነው፤ አንድሮይድ፣ ክሮምና ፋየርፎክስ ውስጥ አለ። አማርኛውንም አንድሮይድ ስልክ ላይ የሚያሰልፈው እሱው ነው።