የስልክ መስመር ኢንተርኔትና የብልሽት ፍለጋ ሥርዓት

ደብረ ታቦር የመልእክት መዘግየት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በታሪኳ የምታውቅ ከተማ ናት። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ የጻፉት ደብዳቤ ለንደን ቢደርስም መልስ ሳያገኝ ቆየ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተቆጥተው የእንግሊዙን ቆንስል አሰሩ። በከተማዋ አጠገብ በጋፋት የተሠራው ታላቁ መድፍ ሴባስቶፖል በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የተጎተተው ከዚሁ ጠብ በተነሣው ጦርነት ዋዜማ ነበር። መልእክቱ ከምን ላይ እንደ ቆመ ላኪው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ከ130 ዓመታት በኋላ ይኸው ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ፣ በአዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ፣ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤዎችን እያጠራቀመ በስልክ ጥሪ ወደ ለንደን ያስተላልፍ ነበር። ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት የተጀመረው ግን በ1989 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን አማካይነት ነው። ማእከሉ አዲስ አበባ ስለ ነበር፣ ከደብረ ታቦር የሚነሣ ጥሪ የዓባይን ሸለቆ ተሻግሮ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ነበረበት። ግንኙነቱ የሚከፈልበት በደቂቃ ስለሆነ፣ ተገናኝቶ ወዲያው የሚቋረጥ ጥሪ ሁሉ የገንዘብ ኪሳራ ነበር።

በዚህ ችግር ረገድ የዩኒክስ ዘር የሆኑት የኮምፒዩተር ሥርዓቶች አንድ ጠባይ ነበራቸው። ዩኒክስ እ.ኤ.አ. በ1969 የተወለደው ከስልክ ኩባንያ የምርምር ቤት ከቤል ላቦራቶሪ ሲሆን፣ በእርሱ አምሳል የተሠራውን ሊነክስን ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ አቀረበው። እነዚህ ሥርዓቶች «ግንኙነቱ አልተሳካም» ብለው አያበቁም፤ እያንዳንዱን ርምጃ በመዝገብ ጽፈው ለተጠቃሚው ያሳያሉ።

ፍለጋው የሚጀመረው ከቅርቡ ነው። ኮምፒዩተሩ ለሞደሙ «ኤቲ» የሚለውን ትእዛዝ ልኮ «ኦኬ» የሚል መልስ ካላገኘ፣ ጉድለቱ በሞደሙ፣ በኬብሉ ወይም በተመረጠው ወደብ ላይ ነው እንጂ የስልክ መሥሪያ ቤቱን መውቀስ አይገባም። ሞደሙ መልስ ሰጥቶ የመደወያውን ድምፅ አላገኘሁም ቢል ግን ሁለት ነገር ይመረመራል። አንደኛው መስመሩ ራሱ ሲሆን ተራ ስልክ በመሰካት ይታወቃል፤ ሁለተኛው በባዕድ አገር ድምፅ የተቃኘው ሞደም የአገሩን ድምፅ አለመለየቱ ነው፤ ለዚህም «ኤክስ 3» የሚለው ትእዛዝ ድምፁን ሳይጠብቅ እንዲደውል ያደርገዋል። ግንኙነቱ ተጀምሮ የሚቋረጥ እንደሆነ ጥርጣሬው ወደ መዳቡ ሽቦ ይዞራል። በክረምት ርጥበት የገባበት መጋጠሚያ ለሰው ጆሮ ጥቂት ኹከት ሲሆን፣ ለሞደሙ ግን የጠፋ ቃል ነው፤ ፍጥነትን ዝቅ ማድረግ አንዳንድ ጊዜ መስመሩን ያጸናዋል። ሞደሞቹ ተግባብተው ሳለ «ፒፒፒ» የተባለው የግንኙነት ስምምነት ካልጸና መዝገቡ ይነበባል፤ የተጠቃሚው ስምና የይለፍ ቃልም ይመረመራሉ። በመጨረሻ፣ በቁጥር የተጻፈ አድራሻ እየሠራ በስም የተጻፈው እንቢ ካለ፣ ስምን ወደ ቁጥር የሚመልሰው አገልጋይ አድራሻ መስተካከል ይኖርበታል።

ዛሬ የእጅ ስልክና ፈጣኑ መስመር ሞደሙን ከጠረጴዛ ላይ አንሥተውታል። ይሁን እንጂ ያ ዘመን ያስተማረው ሥርዓት አላረጀም። ከዋና ከተማ ርቆ የሚሠራ ባለሙያ አዋቂ እስኪላክለት ሳይጠብቅ ብልሽቱን ሊያገኝ የሚችለው፣ መሣሪያው ያደረገውን የማይሰውር ሲሆንና እርሱም ደረጃውን ሳይዘል ሲመረምር ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ የሚነካካ ሰው መስመሩ ቢሠራለት እንኳ ምን እንዳዳነው አያውቅም፤ ነገ ሲበላሽም እንደ አዲስ ይጀምራል። አባቶች «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ያሉት ለዚህም ሙያ የተባለ ያህል ነው።